የቆየውን የዲዛይን ሶፍትዌር ላቆየው ወይስ ላጥፋው? ደረጃ በደረጃ የመወሰኛ መመሪያ

አዲሱ ቨርዥን ወጥቷል። «አፕዴት» የሚለውን ነካችሁ። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እዚያ ውስጥ የቀድሞውን ቨርዥን ስለማጥፋት የምትናገር ሳጥን አለች። ብዙ ጊዜ ምልክቱ አስቀድሞ ተደርጎባታል። አብዛኞቻችን ሳናነባት እናልፋለን። እኔም ለዓመታት ሳላነባት አልፌያለሁ።

አንድ ቀን ግን ጉድ ሠራችኝ። ባለ 312 ገጽ መጽሐፍ በእጄ ላይ ነበር። እርማቱ አልቋል፣ ማውጫው ተሠርቷል፣ ማተሚያ ቤቱ በማግስቱ ፋይሉን ይጠብቃል። ማታ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ፋይሉን ስከፍተው ጽሑፉ ተንሸራቷል። ምዕራፍ 4 ላይ አንድ አንቀጽ አንድ መስመር ጨምሯል። ያ መስመር ቀጣዩን ገጽ ገፋ፣ ቀጣዩም ሌላውን። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ልዩነቱ ሁለት ገጽ ሆኗል። ማውጫው ከመጽሐፉ ጋር አይገናኝም። ልመለስ ብል የድሮው ቨርዥን የለም። ያን ቀን ሙሉ ገጽ በገጽ ሳስተካክል ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ነገር አንድ ነው፦ የድሮ ቨርዥን የሚቀመጠው ለፋይል ሲባል ነው። ስለለመድነው ወይም «ምን ይታወቃል» ብለን ስለፈራን የምናስቀምጠው ከሆነ ዲስክ ከመብላት ያለፈ ጥቅም የለውም። ጥያቄው «ይህን ቨርዥን የሚፈልገው የትኛው ፋይሌ ነው?» የሚል ነው። የፋይሉን ስም ጠርታችሁ መመለስ ከቻላችሁ አቆዩት። ካልቻላችሁ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሂዱባቸው። ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ምን እንደጫናችሁ ጻፉ

ወረቀት ወይም ኤክሴል ክፈቱ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የዲዛይን ሶፍትዌር ከነሙሉ የቨርዥን ቁጥሩ ጻፉ። «ፎቶሾፕ 2021» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ነጥብ ያለውን ቁጥር ነው የምንፈልገው።

ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። የ2021ዱ ፎቶሾፕ የተጀመረው በ22.0 ነው። ኦገስት 2021 ላይ 22.5 ሲወጣ የፎቶሾፕ አምራች አዶቢ የስሪዲ (3D) መሣሪያዎቹን ማስቀረት ጀመረ። እነዚያን መሣሪያዎች ለሚፈልጉ ሰዎች የተመከረው 22.2 ላይ እንዲቆዩ ነበር። ሁለቱም «ፎቶሾፕ 2021» ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ያለውን ሌላው የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት ትልልቆቹ ቨርዥኖች ናቸው፤ ለምሳሌ የ2023 እና የ2024። በመሃል የሚመጡት ትንንሽ አፕዴቶች ግን የነበረው ላይ ነው የሚጫኑት። 22.5 ሲገባ 22.2 ይወጣል። ስለዚህ «የድሮውን አቆይቼዋለሁ» ብላችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ፣ ያው የድሮው ራሱ ሳታውቁት አፕዴት ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ፋይሎቻችሁን ለዩ

ሥራዎቻችሁን በሦስት መደብ ክፈሏቸው።

አንደኛው አሁን እየተሠራ ያለው ነው። ደንበኛው ገና «ጨርሰናል» ያላለው ሥራ ሁሉ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ተመላላሽ ሥራ ነው፦ በየዓመቱ ቀን ብቻ ተቀይሮ የሚታተም ካላንደር፣ በየወሩ የሚወጣ መጽሔት፣ ዋጋው ብቻ የሚቀየር ካታሎግ። ሦስተኛው ያለቀ የደቀቀ ነው፤ ተከፍሎበታል፣ ታትሟል፣ ተረስቷል።

ለመጀመሪያው መደብ ሕጉ አጭር ነው። ሥራው በተጀመረበት ቨርዥን ይለቅ። በሥራ መሃል ቨርዥን አይቀየርም። አዲሱ ላይ የምትሞቱለት መሣሪያ ቢኖር እንኳ የሚቀጥለው ሥራ ላይ ትሞክሩታላችሁ።

ከባዱ ሁለተኛው መደብ ነው። ለእሱ ሲባል ነው የሚቀጥለው ደረጃ የረዘመው።

ደረጃ 3፦ የፋይላችሁን ጠባይ እወቁ

ሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ወደ ኋላ በቀላሉ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ከነአካቴው እምቢ ይላል። ቨርዥን የማቆየት ወይም የማጥፋት ውሳኔ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶሾፕ ታጋሽ ነው። አዲሱ ላይ የተቀመጠ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) አሮጌው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። አሮጌው የማያውቀው አዲስ የላየር (የምስል ንጣፍ) ዓይነት ካለ ግን ያስጠነቅቃችኋል። ያኔ ወይ ላየሩን ጥላችሁ ትከፍታላችሁ፣ ወይ ሁሉም ተጨፍልቆ ይከፈትላችኋል። ሥራችሁ ፎቶ ማስተካከል ብቻ ከሆነ አሮጌ ፎቶሾፕ የምታቆዩበት ምክንያት እምብዛም አይኖርም።

የሎጎና የሥዕል መሥሪያው ኢለስትሬተር መሃል ላይ ነው። ፋይል ስታስቀምጡ የትኛው ቨርዥን እንዲከፍተው እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። «ኢለስትሬተር 2020» የሚለው ፎርማት ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁሉ ይከፈታል። ወደ ሲኤስ 6 (ሲኤስ የሚባለው የአዶቢ የድሮ ትውልድ ነው) ወይም ከዚያ በታች ስትወርዱ ግን ፋይሉ ዋጋ ያስከፍላችኋል። ጽሑፉ ሊበጣጠስ ይችላል፣ አንዳንድ ኢፌክቶችም ተጨፍልቀው መታረም የማይችሉ ይሆናሉ። ስለዚህ ወደ ኋላ የምታስቀምጡት ሁልጊዜ ኮፒ ይሁን። ዋናውን አትንኩት።

የመጽሐፍና የመጽሔት ገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ግን ችኮ ነው። በአዲሱ የተቀመጠን ፋይል አሮጌው እንዳለ አይከፍተውም። መውጫው አይዲኤምኤል የሚባለው ፎርማት ነው። ከሲኤስ 4 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ይከፍቱታል። በሌላ አቅጣጫ ስትሄዱ፣ ማለትም የድሮ ፋይል በአዲሱ ስትከፍቱ፣ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ኮንቨርትድ» የሚል ቃል ይመጣል። ይህ ቃል ሲታያችሁ ቆም በሉ። በሌላ ስም አስቀምጡት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ እዩት። ያ ባለ 312 ገጽ መጽሐፍ ካሳየኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። ጽሑፍ መስመር ላይ የሚደረደርበት መንገድ ከቨርዥን ቨርዥን ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ረጅም ሰነድ ላይ ደግሞ ትንሹ ይበቃል።

እዚሁ ላይ ኢንዲዛይን ውስጥ የተደበቀች ነገር ላሳያችሁ። ፋይላችሁን ክፈቱ። ኮንትሮልን (ማክ ላይ ኮማንድን) ተጭናችሁ የ«አባውት ኢንዲዛይን» መስኮትን ክፈቱ። ተራው መስኮት ሳይሆን ብዙ ዝርዝር ያለበት ሌላ መስኮት ይመጣል። ከዝርዝሮቹ አንዱ የሰነዱ ታሪክ ነው። ፋይሉ በየትኛው ቨርዥን እንደተፈጠረ፣ በየትኞቹ ቨርዥኖች እንዳለፈ ይነግራችኋል። አንዴ ከደንበኛ የመጣ ፋይል እንዲህ ብከፍት በአራት ቨርዥኖች አልፎ አገኘሁት። እንግዳ እንግዳ ስህተቶች የሚያሳየው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ አይዲኤምኤል አውጥቶ እንደገና መክፈት ብዙ ጊዜ ያጸዳዋል።

አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። የአውቶካድ ሥዕል የሚቀመጥበት የዲደብሊውጂ ፋይል ፎርማት በየዓመቱ አይለወጥም። ከ2013 እስከ 2017 ያሉት አውቶካዶች የሚጠቀሙት ፎርማት አንድ ነው። በ2018 አዲስ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የወጡትም በዚያው ቀጥለዋል። ስለዚህ አውቶካድ 2019 ኖሯችሁ 2022 ብትጭኑ ፋይሉ ራሱ አያጣላችሁም። የመጣላችሁ ፋይል የየትኛው ዘመን እንደሆነ ካላወቃችሁ በኖትፓድ ክፈቱት። የማይነበብ ምልክት ይሞላል፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደላት ብቻ እዩ። ኤሲ1027 (AC1027) ከሆነ የ2013 ፎርማት ነው። ኤሲ1032 (AC1032) ከሆነ የ2018 ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉት።

የሕንፃ ሞዴል መሥሪያው ሬቪት ግን መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። የ2022 ፋይል በ2024 ከፍታችሁ ካስቀመጣችሁት በ2022 ዳግመኛ አይከፈትም፤ ወደ ታች የማስቀመጫ አማራጭም የለውም። አብረው የሚሠሩ ሰዎች በሙሉ አንድ ቨርዥን ላይ መሆን አለባቸው። ሬቪት የምትሠሩ ሰዎች በእጃችሁ ያለው ፕሮጀክት ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ያንን ቨርዥን አቆዩት። እዚህ ላይ መጠራጠር አያስፈልግም።

አፊኒቲ የሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በኖቬምበር 2022 ሁለተኛው ትውልድ ሲወጣ የሱን ፋይል አንደኛው መክፈት አልቻለም። የቪዲዮ ኢፌክት መሥሪያው አፍተር ኢፌክትስ ለቅርብ ቀዳሚዎቹ ቨርዥኖች የሚሆን ኮፒ ያወጣል፤ በጣም ወደ ኋላ ግን አይሄድም። ኮረልድሮው (እንደ ኢለስትሬተር ያለ ሌላ ሶፍትዌር) ሲያስቀምጥ ቨርዥን ያስመርጣል።

ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ታድሏል። አሮጌዎቹ ቨርዥኖች በሙሉ ከዋናው ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። በዚፕ አውርዳችሁ ፎልደር ውስጥ ብትፈቱት ያለ ኢንስቶል ይሠራል። አምስት ቨርዥን ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንዱ ሌላውን አይነካም። ለምሳሌ ጁላይ 2019 ላይ የወጣው 2.80 የድሮውን ውስጣዊ ሬንደር (ሞዴሉን ወደ ምስል የሚቀይረውን ክፍል) አስቀርቷል። በዚያ የተሠራ ሥራ ያለው ሰው 2.79ን በአንድ ፎልደር ይይዛል፤ አለቀ።

ደረጃ 4፦ ከፋይሉ ጀርባ ያለውን ፈትሹ

ፋይሉ በአዲሱ ይከፈታል። ጥሩ። ግን ፋይሉ ብቻውን አይደለም የሚቆመው።

ፎንት። ፖስትስክሪፕት ታይፕ 1 የሚባሉት የድሮ ፎንቶች በ1990ዎቹ የኅትመት ቤቶች ደም ሥር ነበሩ። አዶቢ በጃንዋሪ 2023 ድጋፉን አቁሟል። አዲሱ ኢንዲዛይን ወይም ኢለስትሬተር ውስጥ ፎንቱ የጠፋ ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቁጭ ብሎም ቢሆን። የፎንት ፎልደራችሁን ክፈቱ። ፒኤፍቢ (.pfb) የሚል መጨረሻ ያላቸው ፋይሎች ካያችሁ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ናችሁ። የተሻለው መፍትሔ የዚያኑ ፎንት ኦፕንታይፕ ዓይነት ማግኘት ነው። ሲቀየር የፊደሉ ስፋት በጥቂቱ ሊለይ ስለሚችል መስመሮቹን ደግማችሁ እዩ። ኦፕንታይፑ ካልተገኘ ግን አሮጌውን ቨርዥን ለማቆየት በቂ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው።

ቀለም። ከኖቬምበር 2022 በኋላ የወጡት የአዶቢ ቨርዥኖች ውስጥ አብዛኞቹ የፓንቶን (በቁጥር የሚጠሩ የኅትመት ቀለሞች) መጻሕፍት የሉም። ለብቻው የሚከፈልበት ነገር ሆኗል። ፎቶሾፕ ላይ የድሮ ፒኤስዲ ሲከፍቱ የፓንቶን ቀለሙ የነበረበት ቦታ ጥቁር ሆኖ የጠበቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የደንበኞቻችሁ ሎጎ በፓንቶን ከሆነ፣ አሮጌው ቨርዥን ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። የምትጠቀሙባቸውን ቀለሞች ከነስማቸውና ከነ«ላብ» (Lab) የቀለም ቁጥራቸው መዝግቡ፣ እንደ ስዋች (የቀለም ዝርዝር) ፋይልም አስቀምጧቸው።

ፕለጊን፣ ማለትም ዋናው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ተቀጥላ። እኔ ብዙ ሰው ሲሰናከል የማየው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሶፍትዌር በሰላም ይነሳል፤ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ፕለጊን ግን ሜኑው ላይ የለም። ማርች 2025 ላይ ጊምፕ የሚባለው የምስል ማስተካከያ 3.0 ሲወጣ ለ2.10 የተጻፉ ፕለጊኖች እንደገና መጻፍ አስፈልጓቸዋል። የአፕል ኤም ቺፕ ያላቸው ማኮች ላይ ደግሞ ለኢንቴል ብቻ የተሠራ ፕለጊን ሶፍትዌሩን ሮዜታ በሚባለው የአፕል አስተርጓሚ ካላስነሳችሁት አይታይም። የምትጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች አንድ በአንድ ጻፉ። የሠሪው ገጽ ላይ ሄዳችሁ አዲሱን ቨርዥን ይደግፍ እንደሆነ እዩ። ሠሪው ከጠፋ ወይም ዝም ካለ፣ ፕለጊኑ ለሥራችሁ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ራሳችሁን ጠይቁ። የሌላ መሣሪያ ሁለት እርምጃ የሚተካው ከሆነ ልቀቁት።

ጭራሹን የተቋረጠ የፋይል ዓይነትም አለ። ፍሪሃንድ የሚባለው የድሮ የሥዕል ሶፍትዌር ፋይሎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የመጨረሻው ፍሪሃንድ የወጣው በ2003 ነው። ኢለስትሬተር ለተወሰነ ጊዜ እነዚህን ፋይሎች ይከፍት ነበር፤ ከሲኤስ 6 ጀምሮ ግን ቀረ። የድሮ ሎጎ በፍሪሃንድ ያለው ሰው የድሮውን ኢለስትሬተር የሚያቆየው ለአንድ ሳምንት ብቻ መሆን አለበት። ሁሉንም ፋይል ከፍቶ ወደ ሌላ ፎርማት ለመገልበጥ።

ደረጃ 5፦ አብረዋችሁ የሚሠሩትን ጠይቁ

አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ የናንተ ቨርዥን አያገባውም። ኦሪጂናል ፋይል የሚለዋወጡት ሰዎች የት ላይ ናቸው? የቡድኑ ዝቅተኛ ቨርዥን የናንተም ዝቅተኛ ቨርዥን ነው። እሱን አታጥፉ።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩና ፈቃዱ ይችሉታል ወይ?

ማቆየት የፈለጋችሁትን ሁሉ ማቆየት አትችሉም። ወሳኙ የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ነው። አፕል በ2019 ካታሊና የሚባለውን የማክ ስርዓተ ክወና ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ሶፍትዌሮችን ከነጭራሹ ዘጋቸው። ያኔ ሲኤስ 6 ይዘው ማክ ላይ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ከቀዳሚው ከሞሃቪ ሳይወጡ ቀሩ። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተሩን አፕዴትም አብራችሁ አስቡ። ሶፍትዌሩን አቆይታችሁ ሲስተሙን ብትቀይሩ ያው ነው።

ፈቃዱም አለ። ከሜይ 2019 ወዲህ አዶቢ ለተራ ተመዝጋቢ ለማውረድ የሚያቀርበው የመጨረሻዎቹን ሁለት ትልልቅ ቨርዥኖች ብቻ ነው። ዛሬ የምታጠፉት ቨርዥን ከነዚህ ሁለት ውጪ ከሆነ ነገ ብትፈልጉት አታገኙትም። ይህ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚመዝን ነጥብ ነው። ልትመልሱት የምትችሉትን ነገር ማጥፋት ቀላል ውሳኔ ነው። የማትመልሱትን ግን ሁለት ጊዜ አስቡበት።

አንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው የተገዙ የድሮ ሶፍትዌሮች ላይ ደግሞ አክቲቬሽን የሚባል ጣጣ አለ። ሶፍትዌሩ ሲጫን በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪው ሰርቨር ሲዘጋ ዲስኩ በእጃችሁ ቢኖርም አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። የ2005ቱ ሲኤስ 2 ይህ ደርሶበታል፤ ሰርቨሩ የተዘጋው ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ካላችሁና አሁን የሚሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩን ፎርማት አታድርጉት።

ደኅንነትንም ሳላነሳ አላልፍም። ድጋፉ የቆመ ሶፍትዌር የደኅንነት ጥገና አይደርሰውም። ሆን ተብሎ የተበላሸ የምስል ወይም የዲዛይን ፋይል በመክፈት ብቻ ኮምፒውተር ሊጠቃ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፋይል መጀመሪያ በአዲሱ ይከፈት። አሮጌው የናንተን የራሳችሁን ፋይል ብቻ ይክፈት። ስርዓተ ክወናው ራሱ ድጋፍ ያለቀበት ከሆነ ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ይውጣ። ዊንዶውስ 10 ተራው ድጋፍ ያለቀበት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው።

ደረጃ 7፦ ጎን ለጎን ፈትኑ

እስካሁን ያደረግነው ግምት ነው። አሁን በዓይን እናያለን።

ከተመላላሽ ሥራዎቻችሁ በጣም ውስብስብ የሆኑትን ሦስት ምረጡ። ቀላሉን አትምረጡ፤ ቀላሉማ ሁልጊዜ ይሠራል። ኮፒ አድርጓቸው። በአሮጌው ቨርዥን ክፈቱና ፒዲኤፍ አውጡ። ያንኑ ኮፒ በአዲሱ ክፈቱና በዚያው ሴቲንግ ሌላ ፒዲኤፍ አውጡ።

ሁለቱን በዓይን ብቻ ማወዳደር ያታልላል። ግማሽ ሚሊሜትር የተንሸራተተ መስመር አታዩም። እንዲህ አድርጉ። ከሁለቱም ፒዲኤፎች አንድ ዓይነት ገጽ ፎቶሾፕ ውስጥ በ300 ዲፒአይ ክፈቱ። ነጭ ባክግራውንድ ስጧቸውና አንዱን ሌላው ላይ በላየር አስቀምጡት። የላይኛውን ላየር ብሌንድ ሞድ «ዲፈረንስ» አድርጉት። ሁለቱ ገጾች አንድ ከሆኑ ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ይሆናል። የተለያዩበት ቦታ ያበራል። አንድ ፊደል ከተንቀሳቀሰ ጫፉ ላይ ቀጭን ብርሃን ታያላችሁ። ጥላ ወይም ግልጽነት ያለው ነገር ከተለወጠ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ይመጣል። ግራጫው በጣም ደብዛዛ ከሆነ ሌቭልስን ገፋ አድርጉት፤ ይወጣል።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ቀን አንድ የካታሎግ ሽፋን ላይ የሎጎው ጥላ ብቻ ሲያበራ አየሁ። በዓይኔ ሁለቱን ፒዲኤፍ ለሩብ ሰዓት ሳይ ምንም አላየሁም ነበር።

ሦስቱም ሥራዎች ጥቁር ከሆኑላችሁ ደስ ይበላችሁ። የሚያበራ ነገር ካለ ደግሞ «ማስተካከሉ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ገምቱ።

ደረጃ 8፦ ወስኑ

አሁን ወረቀታችሁ ላይ በቂ ነገር አለ። እኔ የምወስነው እንዲህ ነው።

በእጄ ያለ ሥራ የሚፈልገው ቨርዥን ይቆያል፤ ሥራው ሲያልቅ እንደገና አየዋለሁ። ከአዲሱ በፊት ያለው አንዱ ትልቅ ቨርዥን ለሦስት ወር ይቆያል፣ ምክንያት ባይኖረኝም። አዲስ ቨርዥን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ችግር አያጣውም። በፎንት፣ በፕለጊን ወይም በቀለም ምክንያት ያስፈለገ ቨርዥን ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ይቆያል፤ ግን ካላንደሬ ላይ ቀን ቆርጬለት ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ነገር ለአምስት ዓመት ይቀመጣል።

ላለቁ ሥራዎች ሲባል ግን ምንም ቨርዥን አላቆይም። ለእነሱ የሚያዋጣው ፋይሉን ማዘጋጀት ነው። ኢንዲዛይን ላይ «ፓኬጅ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ሰነዱን፣ ምስሎቹንና ፎንቶቹን በአንድ ፎልደር ይሰበስባል፣ አይዲኤምኤልና ፒዲኤፍም አብሮ ያወጣል። ለኢለስትሬተር ሥራ ፒዲኤፍና ኤስቪጂ ጨምሩ። ለስሪዲ ኦቢጄ ወይም ኤፍቢኤክስ። ይህን የምታደርጉት አሮጌው ቨርዥን ገና ሳይጠፋ ነው። ከጠፋ በኋላ ማን ይከፍትላችኋል?

ምክንያታችሁ የዲስክ ቦታ ብቻ ከሆነ አትቸኩሉ። አንድ ቨርዥን ጥቂት ጊጋባይት ነው የሚይዘው። የቪዲዮ ሶፍትዌሮች የካሽ ፎልደር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ እሱን አጽዱ።

ደረጃ 9፦ የሚቆየውን በሥርዓት አቆዩ

አውቶማቲክ አፕዴትን አጥፉ። ካልሆነም የአፕዴት አማራጮቹ ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞውን ቨርዥን የሚያጠፋውን ምልክት አንሱ። ያቺ ሳጥን ናት።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ደብል ክሊክ ነው። ሁለት ቨርዥን ሲኖር ፋይሉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ነው። የሬቪት ፋይል በስህተት በአዲሱ ተከፍቶ ከተቀመጠ አበቃለት። ስለዚህ ደብል ክሊክ ትታችሁ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አስነሱ፣ ከዚያ ከውስጥ ፋይሉን ክፈቱ። የፕሮጀክቱ ፎልደር ስም ላይም ቨርዥኑን ጻፉበት። «ካታሎግ፣ በ2023 ብቻ» ብላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ፎልደሩን የሚከፍተው ባልደረባችሁ ያመሰግናችኋል።

የአሮጌውን ሴቲንግም ኮፒ አድርጉ። ሾርትከቶች፣ ብሩሾች፣ አክሽኖች፣ የፒዲኤፍ ፕሪሴቶች። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ትልቅ ቨርዥን የተለየ የሴቲንግ ፎልደር አላቸው፤ አዲሱ ሲጫን ይወርሰዋል፣ ግን ሁሉንም አይወርስም።

ደረጃ 10፦ የሚጠፋውን በወጉ አጥፉ

ፎልደሩን ይዞ ወደ ሪሳይክል ቢን መጣል የለም። ግማሹ ይቀርና ሌላውን ቨርዥን ይረብሸዋል። በራሱ ማጥፊያ አጥፉት። የአዶቢ ማጥፊያ ሴቲንጋችሁን ይያዝ ወይስ ይጥፋ ብሎ ይጠይቃል፤ ይያዝ በሉት። ፈቃዱ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር የታሰረ የድሮ ሶፍትዌር ከሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ዲአክቲቬት አድርጉት፤ አለበለዚያ ፈቃዱ ከጠፋው ኮፒ ጋር ተቆልፎ ይቀራል። የመጫኛ ፋይሉ ካላችሁ ኤክስተርናል ላይ አስቀምጡት፣ ሲሪያል ቁጥሩንም አብሮ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ከየመደቡ አንድ አንድ ፋይል በቀረው ቨርዥን ክፈቱ። የጠፋ ፎንት፣ የተቆረጠ ሊንክ፣ ጥቁር የሆነ ቀለም መኖሩን እዩ። አንድ ገጽ ፒዲኤፍ አውጡና ደረጃ 7 ላይ ካወጣችሁት ጋር በዲፈረንስ አስተያዩት። ጥቁር ከሆነ ወረቀታችሁ ላይ ያንን ቨርዥን ሰርዙት፤ የሰረዛችሁበትንም ቀን ጻፉ።